ጀልባዋ ስትሄድ የሚቀረው እንጨት

አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለረጅም ዘመን ጠብቀው አኖሩት ይባላል። ሳንቃው በበሰበሰ ቁጥር እያወለቁ በምትኩ አዲስ ይተኩበት ነበርና ሁሉም ሳንቃ ተለውጦ ካለቀ በኋላ «ይህ ያው የቴሴዎስ መርከብ ነው ወይስ ሌላ?» የሚለው ጥያቄ የፈላስፎች መነታረኪያ ሆነ። ወሬውን ያቆየልን ፕሉታርክ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። የወለቁትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ለቃቅሞ እንደገና ቢገጣጥማቸውስ የትኛው ሊሆን ነው እውነተኛው መርከብ? ፍልስፍና ቀመስ የሆነ ወጣት ሁሉ በዚህ ጥያቄ ሻይ ቤት ተቀምጦ አንድ ከሰዓት ሳያባክን አይቀርም። እኔም አባክኛለሁ።

ይሁንና በአንድ የባዕድ አገር ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ወር ያህል ከርሜ ሌላ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ሳንቃው ነው። አዲሱ ሳንቃ ከጎረቤቱ እስኪገጥም ድረስ ነክሶ ይዞ ያቆየው፣ ሥራው ሲያልቅ ግን ተፈትቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እንጨትስ? እርሱ የመርከቡ አካል ነው ወይስ አይደለም? አንባቢ «እንጨት እንጨት ነው፤ ይህ ምን ያፈላስፋል?» ሊለኝ ይችላል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እኅቴ፣ እኛ ቤት ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ አሜሪካን አገር ሲያትል ከተማ ትኖራለች። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ልጠይቃት ሄጄ እስከ ጥር አጋማሽ ከእርሷ ጋር ሰነበትኩ። እትዬ የምትሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተራ ነው። ጧት ስትመጣ እኔ እነሣለሁ፤ ቁርስ አብረን እንበላለን፤ ከዚያ እርሷ ትተኛለች። ከተማው በእነዚያ ወራት ከሰማይ የሚንጠባጠብ እርጥበት እንጂ ብርሃን የለውም። ድምፅ እንዳላሰማባት ከቤት መውጣት ነበረብኝ፤ ወጥቼስ የት እሄዳለሁ? እንዲህ ስንከራተት ነው ከጎረቤቷ ጋራዥ የደረስኩት።

ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ መነጽራቸውን በሲባጎ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው። ጋራዣቸው ውስጥ መኪና አይቆምም። በመኪናው ፋንታ አራት ሜትር ተኩል ያህል የምትረዝም፣ ተገልብጣ የተቀመጠች፣ ጎኖቿ ገና ያልተሸፈኑ የመቅዘፊያ ጀልባ አለች። ሲያትል የውኃ ከተማ ናት። በሌክ ዩኒየን ሐይቅ ዳር ያለው የእንጨት ጀልባዎች ማዕከል ሙዚየም ሆኖ ሳለ ጎብኚው ጀልባ ይዞ ሐይቁ ላይ እንዲቀዝፍ ይፈቅዳል። አገሩ እንዲህ ስለሆነ ጋራዡ ውስጥ ጀልባ የሚሠራ ሽማግሌ እዚያ እንደ ጉድ አይታይም። ለእኔ ግን ጉድ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ዓይኔን የሳበችው ግን ጀልባዋ አልነበረችም። ግድግዳው ላይ እንደ ቋንጣ ተደርድረው የተሰቀሉ፣ መልካቸው አንድ የሆነ አርባ ያህል የእንጨት መንጋጋዎች ነበሩ። በእንግሊዝኛው ክላምፕ ይሏቸዋል። በእኛ አገር የአናጢ ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ እንጨት ነክሶ የሚይዘውን ብረት ሞርሳ እንለዋለን፤ እነዚህም የሞርሳ ዘመዶች ናቸው፤ ልዩነቱ በእጅ የሚዞሩና ከእንጨት የተሠሩ መሆናቸው ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ መቆንጠጫ እያልኩ ልቀጥል።

ያን ያህል መቆንጠጫ ምን ይሠራል? ጀልባዋ የምትሠራበት ስልት ክሊንከር ይባላል። ሳንቃዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ አይገጥሙም፤ እንደ ቆርቆሮ ክዳን አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየደረበ ይሄዳል። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች፣ ቫይኪንጎቹም ጭምር፣ መርከቦቻቸውን የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖርዲክ አገሮችን የክሊንከር ጀልባ አሠራር በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ድሮ ድርቡ በምስማር ይያያዝ ነበር። የእኔ ሽማግሌ ግን ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላይውድ በኢፖክሲ ኮላ ነው የሚያጣብቁት። ኮላው ቶሎ አይደርቅም፤ በቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ተጣሞ የተቀመጠው ሳንቃ በዚህ ሁሉ ሰዓት ቀጥ ልበል እያለ ይታገላል። ስለዚህ በየስንዝሩ አንድ ያዥ ያስፈልገዋል። ለአንዱ ጎን ሃያ አምስት፣ ሁለቱ ጎኖች እኩል መሄድ ስላለባቸው ሃምሳ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ አሥር። ሽማግሌው ሃያ ይጎድላቸዋል ማለት ነው።

የብረቱን ከሱቅ መግዛት ይቻላል። ነገር ግን ሳንቃው ሰፊ ስለሆነ ከዳር ገብቶ ድርቡ ዘንድ የሚደርስ አፈ ጥልቅ መቆንጠጫ ነው የሚፈለገው። ብረቱ አፈ ጥልቅ ሲሆን ይወደዳል፣ ይከብዳልም፤ ያን ሁሉ ብረት በቀጭን ሳንቃ ላይ ቢያንጠለጥሉት በክብደቱ ብቻ ቅርጹን ያበላሻል። ስለዚህ ጀልባ ሠሪው መቆንጠጫውን ከቁርጥራጭ እንጨት ራሱ ይሠራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት የጠንካራ እንጨት ክንዶች ይቆረጣሉ። ሁለቱን አነባብሮ መሀላቸውን በአንድ ጊዜ መብሳት፣ በቀዳዳው ረጅም ብሎን ማሳለፍና በዳዶ መያዝ ነው። ቀዳዳው ከብሎኑ ጥቂት ሰፋ ካላለ ክንዶቹ አይላወሱም። በአንደኛው ጫፍ አፉ ሳንቃውን ይነክሳል፤ በሌላኛው ጫፍ፣ በጭራው በኩል፣ ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ ጭራውን ሲከፍተው አፉ ይዘጋል። የልብስ ማስጫ ቆንጣጫን ያስቡ፤ እዚያ ሽቦው የሚሠራውን እዚህ ሽብልቁ ይሠራዋል።

ቀላል ነው ብዬ ጻፍኩ እንጂ የመጀመሪያው ደኅና መቆንጠጫ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ሽማግሌው የጎደሉትን ሃያ እንድሠራ ፈቀዱልኝና ከተሰበረ ወንበርና ከአሮጌ አልጋ የወጣ የኦክ እንጨት ሰጡኝ። አንደኛውን የእንጨቱን ጅማት ሳልከተል አግድም ስለቆረጥኩት ሽብልቁን ስመታ አፉ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለተኛው ከከንፈሩ በፊት በጉሮሮው ገጠመ፤ እንዲህ ያለው የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። የሦስተኛውን ሽብልቅ አጭርና ዳገታም አድርጌ ስለጠረብኩት በመታሁት ቁጥር እየተስፈነጠረ ይወጣል። አራተኛው ተሳካ። ሰጋቱራውን ከጉልበቴ ላይ አራግፌ እንደ ሎሬት ቆሜ ብጠብቅ፣ ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና ጠርዞቹን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት እንዳለሰልስ አዘዙኝ። ትዕግሥቴ ያለቀው ያን ጊዜ ነው።

«ይህ እኮ ጀልባዋ ውስጥ አይገባም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አንሥተው ዓይናቸው ላይ አደረጉና አዩኝ። «እሱ አይገባም» አሉ። «ስሕተቱ ግን ይገባል።»

እውነታቸውን ነው። ስለታም ጠርዝ በሳንቃው ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ የላላ አፍ በድርቡ መካከል ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ ከዓመታት በኋላ ውኃ ያስገባል። መቆንጠጫው ግን ያን ጊዜ ግድግዳ ላይ ነው፤ ማንም አይከሰውም። ዴንማርክ ውስጥ ሮስኪልድ ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1962 ከባሕር ወለል የወጡ አምስት የቫይኪንግ ዘመን መርከቦች አሉ። ረጅሟ እ.ኤ.አ. በ1042 ደብሊን ውስጥ ከአየርላንድ ኦክ የተሠራች መሆኗ ከእንጨቷ የዕድገት ቀለበት ታውቋል። ልኳን ይዞ የተሠራ መርከብም እ.ኤ.አ. በ2007 ከሮስኪልድ ተነሥቶ ባሕሩን አቋርጦ ደብሊን ገብቷል። ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ በጭቃ ውስጥ የተቀበረው ሳንቃ የመጥረቢያውን አሻራ እንኳ ጠብቆ ቆይቷል። ሳንቃውን ይዞ ያቆየው ግን ከመርከቧ ጋር የለም። የለም ማለት ግን አልነበረም ማለት አይደለም፤ የሳንቃዎቹ መግጠም ራሱ ምስክሩ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው ያስደስተኝ ነበር። የዕደ ጥበብ ሰው ውለታ፣ የማይታይ ሥራ ክብር፣ ወዘተ እያልኩ የሚያምር ጽሑፍ በአእምሮዬ እየነደፍኩ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን አላስደሰተኝም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ሦስተኛውን ሳንቃ ስናጣብቅ የግራውን ጎን ለእኔ ተዉልኝ። ኮላውን ቀባሁ፤ ሳንቃውን ደረብኩ፤ መቆንጠጫዎቹን ደረደርኩ፤ ሽብልቁን በመዶሻ መታሁ። ኮላው ከድርቡ መሀል ግጥም ብሎ ወጣ። ጥሩ ምልክት መሰለኝና አጥብቄ መታሁ። ይበልጥ ወጣ። ሽማግሌው ከማዶ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው መጡ። ምንም ሳይሉ ሽብልቆቹን አንድ በአንድ አላሉ፤ ሳንቃውን አነሡና አሳዩኝ፤ በውስጡ ኮላ የሚባል ነገር አልቀረም። በእንጨት ሠሪዎች ቋንቋ የተራበ መጋጠሚያ ይባላል። ሁለቱ እንጨቶች እንደዚያ ተጣብቀው ቢደርቁ ከውጭ ሲታዩ ከማንም የጠበቁ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን የሚያያይዛቸው ነገር የለም፤ በመጨመቅ ወጥቷል። በተለይ ኢፖክሲ ብዙ ጭነት አይወድም፤ ሁለቱ እንጨቶች እንዲነካኩና በጠርዙ ቀጭን የኮላ መስመር እንዲታይ ያህል ብቻ ነው። «መያዝ እንጂ መጭመቅ አይደለም ሥራው» አሉኝ ሽማግሌው። ጠራርገን እንደገና ቀባን።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። ከጎን የሚፈሰው ኮላ መቆንጠጫውንም ከሳንቃው ጋር ያጣብቀዋልና አፉ አስቀድሞ ሰም መቀባት አለበት፤ ሰሙ ድርቡ ውስጥ ከገባ ደግሞ ኮላው አይዝም፤ ስለዚህ አፉን ብቻ ነው። የሽማግሌው ሰም አልቆ ስለነበረ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጧፍ ሰጠችን። በዚያ ቅዝቃዜ መሀል ጋራዡ ቅዳሴ ቅዳሴ ሸተተኝ። ሃያ አራቱን ቀባሁ። አንዱን ዘለልኩ። በማግሥቱ ሃያ አራቱ ሽብልቃቸው ሲነካ እጅ ላይ ወደቁ፤ አንዱ ቀረ። የጀልባዋ አካል ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው በመሮ ጠርበው ሲያነሡት ከሳንቃው ላይ ጣት የሚያህል ልጥ ይዞ ተነሣ።

ያቺን ልጥ ይዤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜን አሰብኩ።

አባታችን የሞተው ትንሹ ወንድማችን ማሙሽ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ሰባት ዓመቱ ላይ ከኮክ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ እትዬ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ወጌሻ ተጠርቶ በቀርከሃ ስንጣሪና በጨርቅ ጥፍንግ አድርጎ አሰረው። ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ። ሊጠይቁ የመጡ ትላልቅ ሰዎች «ወንድ ልጅ አይደል፣ ይቻለው፤ ካልጠበቀ አይድንም» አሉ። እናታችንም እሺ አለች። እትዬ ግን ኩራዙን ይዛ ጣቶቹን ዳሰሰች። ቀዝቅዘዋል፤ ጠቁረዋል። ከማዕድ ቤት ቢላዋ አምጥታ በሽማግሌዎች ፊት እስሩን በጠሰችው። ሲነጋ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ከመጠን በላይ የጠበቀ እስር የደም መንገድ ዘግቶ ክንዳቸውን ያጡ ሕፃናት ጉዳይ የአገራችን የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ደጋግመው የጻፉበት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ፣ ለጋዜጣ መጻፍ ስጀምር ነው። የማሙሽ ክንድ ጥቂት ጎበጥ ብሎ ዳነ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ፤ ሐኪሙም አልፈታው፤ አላልቶ በጀሶ እንደገና ያዘው። የተሰበረ ክንድ መያዝ አለበት። ጥያቄው ምን ያህልና እስከ መቼ የሚለው ነበር፤ መልሱን የሰጡትም የልጁ ጣቶች ናቸው።

እትዬ አሜሪካ ከገባች ጀምሮ በየወሩ ገንዘብ ትልካለች። እናታችንን አስታመመች፤ ቀበረች፤ የእኔን የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ከፈለች። ማሙሽን ሁለት ጊዜ ኮሌጅ አስገባች፤ ሁለት ጊዜ አቋረጠ። ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የቤት ኪራዩንና ቀለቡን እርሷ ነበረች የምትችለው። ገንዘቡ የሚመጣው በእኔ ስም ነው፤ «ማሙሽ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም» ያልኳት እኔ ነኝ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ቤቴ ይመጣል። ሻይ አፈላለታለሁ። ስለ ሥራ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ሰዓት አከባበር እመክረዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ ይሰማኛል። ከዚያ እቆጥርለታለሁ። እትዬ በስልክ «ራሱን ሊችል ነው?» ስትለኝ «ገና ነው» እላታለሁ። ለስንት ዓመት ገና ነው እንዳልኳት አልቆጠርኩም።

አማኑኤል ካንት ሰውን፣ በራስህም ሆነ በሌላው ሰው ማንነት ውስጥ ያለውን ሰውነት፣ እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት የሚል ሕግ አቁሟል። ይህን ሲያነቡ ሁሉም የሚያስተውሉት «ሌላው» የሚለውን ነው። «በራስህም» የሚለውን እኔ ያስተዋልኩት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው። መቆንጠጫ መሆን ለእንጨት ነውር የለውም። ነገር ግን በየቤታችን አንድ ራሱን መቆንጠጫ ያደረገ ሰው የለምን? አረብ አገር ወይም አሜሪካ ተቀምጦ ወንድም የሚያስተምር፣ የእናት መድኃኒት የሚገዛ፣ የራሱን ጎጆ መቀለስ የረሳ? ቡድሃ ወንዙን በታንኳ ከተሻገረ በኋላ ታንኳውን ተሸክሞ ስለሚሄድ ሰው ምሳሌ ተናግሯል ይባላል፤ ጥበበኛው ታንኳውን ዳር ላይ ትቶ ይሄዳል። ምሳሌው ትክክል ነው፣ ለተሻጋሪው። ታንኳዋ እኅትህ ብትሆንስ?

ከዚህም ሌላ በመካከሉ እኔ አለሁ። እትዬ ከሩቅ አገር ናት፤ ጣቱን ልትዳስስ አትችልም። ስልክ የጣትን ቅዝቃዜ አያስተላልፍም። ቅርብ የነበረው እጅ የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ሽብልቁን እየመታሁ ኮላው ሲወጣ ጥሩ ምልክት አድርጌ የማየው ሰው ነኝ። ይባስ ብሎ ቅዳሜዎቹን እወዳቸው ነበር። ሌላ ቦታ ማንም አንገቱን ደፍቶ አይሰማኝም። ሰም ያልተቀባሁት መቆንጠጫ እኔ ነበርኩ።

ቢሆንም ነገሩ «በጊዜው ልቀቅ» ብሎ የሚያልቅ አይደለም። አንድ ቀን ለሽማግሌው በአገሬ ስላለ ጀልባ ልነግራቸው ብዬ የጣናን ታንኳ ጠራሁ። ከደንገል ይሠራል፤ ነዶ ነዶ ተደርጎ በገመድ ይታሰራል፤ መቆንጠጫ የለውም፤ የያዘውና የተያዘው አብረው ውኃ ይገባሉ፣ አብረው ይበሰብሳሉ አልኳቸው። «ጣና!» ብለው መዶሻቸውን አስቀመጡ። «የሄየርዳል ደንገል የመጣው ከዚያ እኮ ነው።»

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበረ ለማሳየት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና ሐይቅ በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለች ጀልባ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ አሠራ። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በጥንቶቹ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ ከተቆለመመው የጀልባ ጭራ ወደ መርከቡ ወለል የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል። ሄየርዳልና ሠሪዎቹ ገመዱ ጭራውን እስኪቆለመም ድረስ ለመያዝ ብቻ መሰላቸው። ጭራው ቅርጹን ከያዘ በኋላ ምን ያደርጋል? አነሡት። የሰባት አገር ሰዎች ጭና ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ የተነሣችው ራ ውቅያኖሱ መሀል ስትደርስ ጭራዋ እየሰመጠ መጣ። ገመዱ ለቅርጽ አልነበረም፤ እንደ ሞላ እየተለጠጠ የኋላውን ክፍል ከማዕበሉ በላይ የሚያነሣ ነበር። ከስምንት ሳምንት ገደማ በኋላ ከካሪቢያን ደሴቶች ሳይደርሱ ጀልባዋን ጥለው ወጡ። በዓመቱ ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች የሠሯት ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ሽማግሌው ይህን ተርከው ሲጨርሱ ዝም ብለን ቆየን። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ማሰሪያ ናቸው። አንዱን ሳትፈታው ብትቀር ልጥ ይዞ ይነሣል፤ ሌላውን ብትፈታው ጀልባዋ ትሰምጣለች። የሄየርዳል ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ጀልባዋ የብስ ላይ ተቀምጣ ሳለ ገመዱ ሥራ የፈታ ይመስል ነበር። ልዩነቱን የነገራቸው ባሕሩ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘግይቷል።

በገና ዋዜማ እትዬ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ ሳለች ነገርኳት። ስለ ቅዳሜዎቹም ጭምር። «ገና ነው» ያልኩሽ ለእርሱ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ቢቆም ማሙሽ እኔ ዘንድ የሚመጣበት ምክንያት የለውም ብዬ ነው አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ጫማዋን አወለቀች፤ እግሮቿ አብጠዋል።

«እኔስ?» አለችኝ።

«አንቺስ ምን?»

«ካልላክሁ ምናችሁ ነኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ለካስ እርሷም እንደ እኔው ኖራለች። ለእኔ መቆንጠጫ የመሰለኝ ለእርሷ የራ ገመድ ነው፤ ከእኛ ጋር የሚያያይዛት እርሱ ብቻ መስሏት በዚያ እግሯ ትቆማለች። ወይም በእውነትም እርሱ ብቻ ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ በኩራዝ ብርሃን የወንድሟን ጣት ዳስሳ ያወቀች ሴት ከዚያ ርቀት ላይ ሆና ምን ልትዳስስ ኖሯል? ባንክ ቤት የሚሰጣትን ደረሰኝ ነው።

እስኪነጋ ተነጋገርን። ገንዘቡ ከእንግዲህ በእኔ በኩል አይሄድም። በስድስት ወር ውስጥ እየቀነሰች ልታቆም ወሰነች፤ በዚያ ፋንታ እሑድ እሑድ ለማሙሽ ራሷ ልትደውልለት። እኔ አንድ ጊዜ ይቁም ባይ ነበርኩ። «ሽብልቅ በአንድ ምት አይነቀልም፤ አንተ ነህ የነገርከኝ» አለችኝ። ይህን እኔ አልነገርኳትም፤ ሽማግሌው ይሆናሉ።

ጀልባዋ በሰኔ ውኃ ገባች። እትዬ ፎቶግራፉን ላከችልኝ፤ ሽማግሌው ይቀዝፋሉ፤ እርሷ ከፊት ተቀምጣ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ዋና አትችልም። ልጡ የተነሣበት ቦታ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷልና በፎቶው ላይ አይለይም፤ እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ።

ማሙሽ ቂም ይዞብኛል። ስደውል አያነሣም። የእርሷን ያነሣል፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ያወራሉ ትለኛለች። አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ መዋል መጀመሩን የሰማሁት ከእርሷ ነው። ተቀጥሮ ይሁን ተቀምጦ አልነገረችኝም፤ ምናልባት እርሷም አልጠየቀችውም። ኮላው ሳይደርቅ ፈትተነው ይሁን፣ ከደረቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ይሁን፣ ዛሬም ለመፍረድ አልደፍርም።

ስመጣ ሽማግሌው አራተኛውን መቆንጠጫ ሰጥተውኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ይይዝልኛል፤ አፉ አሁንም ጧፍ ጧፍ ይሸታል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሻይ አፈላለሁ። እጄ ልማድ ሆኖበት ሁለት ብርጭቆ ያወጣል።